የእትዬ ዘይነብ ያቁት

ባለፈው ሐሙስ ግራ ዓይኔን በሌዘር ተተኮስኩ። ስኳር የያዘው ሰው ዓይኑ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ያንጠባጥባሉ አሉኝ፤ እነሱን ለመድፈን ነው። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ብትሆን የማይገርም ጮርቃ ነች። አገጬን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ ግንባሬን አስጠግታ፣ «እማማ፣ አረንጓዴ ብልጭታ ያያሉ። አይዞዎት፣ ቀዩ ደም አረንጓዴውን ብርሃን ይጠጣዋል፤ የቀረው ዓይንዎ ያሳልፈዋል» አለችኝ።

«ቀይ ነገር አረንጓዴ ብርሃን መጠጣቱን እኔ ላስተምርሽ?» አልኳት። «አንቺ ሳትወለጂ፣ እናትሽም ሳትወለድ፣ አሰብ ላይ በአንድ ቀለበት አይቼዋለሁ።»

ሳቀችና «አገጭዎን አያንቀሳቅሱ» አለችኝ። አፌ ዝም አለ እንጂ ልቤ አሰብ ደርሷል።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ባሌ ተቀምጧል። ስምንት ቀን ሙሉ አላነጋገርኩትም። የመጀመሪያው ቀጠሮዬ ሰኞ ሆኖ ሳለ «ማክሰኞ ነው ያሉኝ» ብሎ ማክሰኞ ወሰደኝና «ትናንት ነበር» ተብለን ተመለስን። እኔ ጭራሽ አልጠየቀም፣ ከራሱ ፈጥሮ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለሌዘሩ በመጣንበት ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እንኳ «ለዚያ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ ያድርግ በልልኝ» ብዬ ለሾፌሩ ነው የነገርኩት። ይህን ክፉ ልማድ ከየት እንደተማርኩት አረንጓዴው ብልጭታ ነው ያስታወሰኝ።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያስተምር ነበር። እኔ ፊዚክስ ነበር የማጠናው። በክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩና ምላሴም እንደዚያው የሰላ ነበር። ዕጣዬ አሰብ ወጣ። እናቴ «እዚያ ሰው በፀሐይ ይቀልጣል» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ባሕር አይቼ አላውቅም ነበርና ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርኩ። ባቲን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሾፌሩ ጃኬቱን አወለቀ፤ ሚሌ ላይ ሸሚዙን ፈታ፤ ሰርዶን ስናልፍ ከሸሚዙም ተገላገለና በካናቴራ ቀረ። ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ አሸዋ፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ። በሁለተኛው ቀን ነፋሱ ጨው ጨው ማለት ሲጀምር «አስተማሪዋ፣ ደረስሽ» አለኝ።

የተከራየሁት ከእትዬ ዘይነብ ግቢ አንዲት ክፍል ነበር። እትዬ ዘይነብ የባቲ ሰው ናቸው። ከአባታቸው ጋር ለንግድ ወርደው እዚያው የቀሩ፣ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ደርባባ፣ ቁጡ፣ ቸር ሴት። ባላቸው ጋሼ ሰይድ መርከቦችን እየጎተተች ወደብ በምታስጠጋ ትንሽ ጀልባ ላይ የሞተር መካኒክ ነበሩ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ከድጃ ትባላለች፤ በዚያ ዓመት ልትዳር ታጭታለች።

የአሰብን ምግብ አንስቼ ካላወራሁ ደግሞ ያመኛል። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ በርበሬ ተቀብቶ እንደ ጉድጓድ ባለ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል። ከእሱ ጋር እዚያው ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ሰፊ ቂጣ ይመጣል። በጣቴ እየቆረስኩ፣ አጥንቱን እየለቀምኩ፣ ቅርንፉድ ያለበት ሻሂ ሳስከትልበት አዲስ አበባ የሚባል አገር መኖሩንም እረሳ ነበር። ውሃው ግን ጉድ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ሳሙና አይቀበልም። እትዬ ዘይነብ ለሻሂና ለምስር የሚሆን ጣፋጭ ውሃ ለብቻው በእንስራ ያስቀምጡ ነበር። «በዚህኛው ውሃ ምስር እስከ ቂያማ ብትቀቅይው አይበስልም» ይሉኛል። እኔ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። የተማርኩ አይደለሁ!

የዚያን ጊዜ ዕብደቴ ሌዘር ነበር። ከተፈለሰፈ ገና አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። አንድ አስተማሪያችን ስለሱ ሲያወራ ሰምቼ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ያለኝ ከአንድ የፈረንጅ መጽሔት የቆረጥኩት ሥዕል ብቻ ነው። እርሳስ የምታክል የያቁት ዘንግ፣ ዙሪያዋን እንደ እባብ የተጠመጠመ መብራት። ያቁት ማለት ፈረንጅ ሩቢ የሚለው ቀዩ የከበረ ድንጋይ ነው። ሥዕሏን ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ጠዋት ጠዋት እያየኋት ነበር የምወጣው።

አንድ ቀን ከመማሪያው መጽሐፍ ወጣ ብዬ ይህንኑ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ላስተምር ተነሣሁ። እንዴት ብዬ ላስረዳ? ከተማሪዎቼ የሚበዙት አባቶቻቸው ወደብ ነው የሚሠሩት። «በያቁቱ ውስጥ ያሉትን አቶሞች እንደ ወደብ ሸካሚ አስቧቸው» አልኩ። «አረንጓዴ ብርሃን ሲገባ እያንዳንዱ ሸካሚ አንዳንድ ጆንያ ይሸከማል። ብርሃን ተጠጣ የምንለው ይሄንን ነው። ሁሉም ከተሸከሙስ? የሚቀጥለውን ጆንያ ማን ያነሣዋል?»

«ማንም!» አሉ።

«እንግዲያው ያልፋል። ብርሃን ሲጠጣ የነበረ ድንጋይ ከጠገበ ብርሃን ያሳልፋል ማለት ነው። አሁን በመካከላቸው አንዲት ቀይ ሞገድ ታልፋለች። 'ጣል!' ትላቸዋለች። አንዱ ሲጥል ሌላው ይጥላል፤ ከእያንዳንዱ ጆንያ አንዲት ቀይ ሞገድ ትወጣለች፤ ሁሉም ሞገዶች እግራቸው እኩል፣ ድምፃቸው እኩል ሆኖ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ሌዘር ይሄ ነው!»

ቦርሳቸውን ተሸክመው በመደዳ ቆሙ። አንዷን ልጅ ቀይ ሞገድ አደረግኋት። «ጣል!» እያለች በመካከላቸው ስትሮጥ አርባ ቦርሳ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ዳይሬክተሩ ጣሪያ የተደረመሰ መስሏቸው በሩጫ መጡ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ «ሌዘር ነው ጋሼ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አይ ልጅነት!

እንግዲህ በዚያን ሰሞን ቤት ውስጥ ነገር ተበላሽቷል። ጥር ነበር። ጥር አሰብ የምትወደድበት ወር ነው፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ማታ ማታ ግቢው ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሻሂ መጠጣት ደስ ይላል። እትዬ ዘይነብ ግን ባላቸውን ማነጋገር አቁመዋል። ጋሼ ሰይድ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ሳለ እኔን ይጠሩኛል።

«ለዚያ ሰውዬ ሻሂው ተቀድቷል በይው።»

እኔም ዞር ብዬ «ጋሼ ሰይድ፣ ሻሂው ተቀድቷል» እላለሁ።

«አላህ ይስጥልኝ በያት» ይላሉ እሳቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው።

እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ቆየን። ምክንያቱን አላውቅም፤ መጠየቅም ፈራሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ዘይነብ ጋር ምስር እየለቀምን ሳለ ያን የክፍሉን ጨዋታ አጫወትኳቸው። «ያቁት እኮ አስማተኛ ድንጋይ ነው እትዬ፣ አረንጓዴ ብርሃን ጠጥቶ ቀይ ብርሃን ይተፋል» ስል ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። ምስሩ አሸዋው ላይ ተበተነ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ምኑን?»

ነገሩን ያን ጊዜ ዘረገፉልኝ። ጋሼ ሰይድ በወጣትነታቸው በመርከብ ኤደን ይመላለሱ ነበር። እትዬ ዘይነብን ሲያጩ ከዚያ የወርቅ ቀለበት አመጡላቸው። ኒካህ ሲታሰር ባል ለሚስቱ የሚሰጠው መህር በምስክሮች ፊት ይነገራል። «የወርቅ ቀለበት ከነያቁቱ» ተባለ፤ ሸሆቹ ሰሙ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ተጋቡ። አሁን እትዬ ዘይነብ ቀለበቱን ለከድጃ ሊሰጧት ፈልገው ለጣቷ እንዲስተካከል አንጥረኛ ዘንድ ወሰዱት። አንጥረኛው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አገላብጦ አየና «ውስጡ አረፋ አለ። ድንጋይ አረፋ የለውም። ይሄ ብርጭቆ ነው» አላቸው።

«ብርጭቆ ከሰጠኝ ብርጭቆ ነው ብሎ ይስጠኝ!» አሉ እትዬ ዘይነብ ደረታቸውን እየመቱ። «ድሃ ነበር፤ አውቃለሁ። የብርጭቆ ቀለበትም አደርግለት ነበር። በኒካህ ላይ፣ በአላህ ፊት ዋሸ እኮ! ሃያ ዓመት ከውሸታም ጋር ኖሬ ነው? በውሸት ኒካህ ያሰረ ሰው ለልጄ ኒካህ አይቀመጥም። ወንድሜን ከባቲ አስጠራለሁ፤ በእሱ ቦታ ይቀመጣል።»

«ጋሼ ምን አሉ?»

«'ያቁት ነው አሉኝ፤ ያቁት ነው አልኩ' አለ። ሌላ ቃል የለውም።» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ዘይነብ ካላመነችኝ እኔም ለልጄ ኒካህ የምቀመጥበት ፊት የለኝም ብሏል።»

ኒካሁ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ነው። አባት እያለ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ እያለ፣ የአንድ ልጁን ኒካህ ውክልና ሰጥቶ ወደብ ላይ ሞተር ሲፈታ ሊውል ነው! «ብርጭቆ ብንፍቅበት እንለየዋለን እኮ፤ ያቁት ብርጭቆን ይፍቃል» አልኩ። «የኒካሄን ቀለበት ማንም አይፍቅም!» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው።

እና ያን ጊዜ፣ እዚያው የተበተነውን ምስር እየለቀምኩ፣ መጣልኝ። ብርሃን! ብርሃን አይፍቅ፣ አይሰብር። ብርጭቆ ቀይ የሚመስለው ቀዩን ስለሚያሳልፍ ብቻ ነው፤ ቀይ ብርሃን ካልገባበት ጨለማ ነው። ያቁት ግን ቀይ ያልሆነውን ጠጥቶ ቀይ ከራሱ ያወጣል። ቀይ የሌለበት ብርሃን ብቻ ባጠጣው፣ ከዚያ ቀይ ብቻ በሚያሳልፍ መስታወት ባየው፣ የማየው ነገር ሁሉ እዚያው ድንጋዩ ውስጥ የተወለደ ነው! «እትዬ፣ እኔ አወጣዋለሁ!» ብዬ ዘለልኩ። ምስሩ እንደገና ተበተነ።

ለመጀመሪያው የሚሆን ነገር ትምህርት ቤታችን አለው። ኮፐር ሰልፌት የሚባለው ሰማያዊ ጨው በውሃ ሲሟሟ ቀዩን ብርሃን ጠጥቶ ያስቀረዋል። ቀይ መስታወት ግን ከየት ይምጣ? መርከብ በግራዋ ቀይ ፋኖስ፣ በቀኟ አረንጓዴ ፋኖስ ታበራለች። ወደቡ ሄድኩና ጋሼ ሰይድን ከጀልባቸው ሆድ አስጠራኋቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ግራሶ ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ድንጋዩ ካላበራስ?»

ልዋሻቸው አልፈለግሁም። «ካላበራ ብርጭቆ ነው፣ ጋሼ።»

ገቡና በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ የግራ ፋኖስ ትርፍ መስታወት ይዘው ወጡ። «እንዳትሰብሪው» ብቻ አሉኝ። የሚዋሽ ሰው ቢሆን ጠፋ፣ ተሰበረ፣ ነገ ተመለሺ ይለኝ ነበር። ብዙ ቀን ቆይቶ ነው ይህ የገባኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ አንድ የመማሪያ ክፍል አጨለምን። በመስኮቱ መዝጊያ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ የሚገባው ጨረር ሰማያዊው ውሃ ባለበት ክብ ጠርሙስ በኩል አልፎ ጥቁር ጨርቅ ላይ በተቀመጠው ቀለበት ላይ እንዲያርፍ አስተካከልኩ። እትዬ ዘይነብ፣ ከድጃ፣ አንጥረኛው፣ ጋሼ ሰይድ ሁሉም አሉ። እኔ ደረቴን ነፍቼ እንደ ፕሮፌሰር ተናገርኩ። ከዚያ ቀዩን መስታወት ዓይኔ ላይ አድርጌ አየሁ።

ጨለማ።

ቀለበቱን አዞርኩ። ጠርሙሱን አስጠጋሁ። ጨለማ። መስታወቱን ለእትዬ ዘይነብ ሰጠኋቸው፤ አዩና ለአንጥረኛው ሰጡት። «አላልኩም?» አለ እሱ፤ ክፉ ሰው ስለሆነም አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ጋሼ ሰይድ ግን ለማየት እንኳ አልጠየቁም። ጫማቸውን ፈልገው፣ በሩን ቀስ ብለው ከፍተው ወጡ። እትዬ ዘይነብ ቀለበቱን፣ የሃያ ዓመት ትዳራቸውን፣ በመሀረባቸው ቋጥረው ተከተሉ።

አፈር በበላሁ! ማን ግቢ አለኝ? ቢያንስ እስከዚያ ቀን ጥርጣሬ ነበር፤ እኔ ማስረጃ አደረግሁት። ብቻዬን ቀርቼ እያለቀስኩ ዕቃ ላጥብ ጠርሙሱን አነሣሁት። መስኮቱን ከፍቼ በብርሃን ሳየው ውሃው ጥርት ያለ ሰማያዊ አይደለም። ደፍርሷል። እንደ አይብ ያለ አረንጓዴማ ነጭ ነገር ከታች ዘቅጧል። አዲስ አበባ ስሠራው እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጨረሩ ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ጉሙ ውስጥ ተበታትኖ ቀርቷል ማለት ነው! ለምን ደፈረሰ?

«በዚህኛው ውሃ ምስር እስከ ቂያማ ብትቀቅይው አይበስልም።»

በስመአብ! ከግቢው ጉድጓድ ቀድቼ ነው የሞላሁት! ሳሙና የማይቀበል፣ ምስር የማያበስል ውሃ፣ ለእኔ ኮፐር ሰልፌት ይመቻል? ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ሴት ለአራት ወር በየቀኑ ነግረውኛል፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ውሃ ሁሉ ውሃ መስሎኛል።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደቡ በረርኩ። የሻሂው ውሃ ይበቃ ይሆናል፤ ግን ሁለተኛ ስህተት አልፈልግም። ፍጹም ንጹሕ የሆነ አንድ ውሃ ብቻ ነው አሰብ ውስጥ ያለው፤ ባትሪ ላይ የሚጨመረው። እሱም ያለው ጋሼ ሰይድ ጋ ነው። ጀልባዋ ጠርዝ ላይ እግራቸውን ሰቅለው ባሕሩን ያያሉ። የፈሰሰ ናፍጣ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ሠርቷል።

«ጋሼ፣ የባትሪ ውሃ ይስጡኝ።»

«አንዴ አዋረድሽኝ፣ ልጄ» አሉ ሳይዞሩ። «ይበቃል።»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ውሃው ነው! በጉድጓድ ውሃ ሠርቼው ነው! ወላሂ ውሃው ነው!» ወላሂን ከእኔ አፍ መስማታቸው ገርሟቸው ዞሩ። አሳሳቄ ይሁን አለቃቀሴ እኔ እንጃ፣ አንድ ነገር ፊቴ ላይ አዩና ተነሥተው ገቡ። አንድ ሙሉ ጠርሙስ አመጡልኝ።

«ነገ ይመጣሉ?»

«አልመጣም» አሉኝ።

እሑድ እኩለ ቀን። ያው ክፍል፣ ያው ቀዳዳ፣ ከጋሼ ሰይድ በቀር ያው ሰዎች። እትዬ ዘይነብን ለማምጣት ከድጃና እኔ እግራቸው ላይ ወድቀናል። አንጥረኛው «አንድ ጊዜ ያየሁትን ሁለት ጊዜ ባይ ምን ይቀርብኛል» ብሎ መጣ። ሰማያዊውን ጨው በባትሪው ውሃ አሟሟሁት። እንዴት ያለ ሰማያዊ መሰላችሁ! ጥርት ያለ፣ የጠዋት ባሕር። ጨረሩ በክቡ ጠርሙስ ውስጥ ሲያልፍ ተሰብስቦ ጨርቁ ላይ የምትንቀጠቀጥ ሰማያዊ ነጥብ ሆነ። ቀለበቱን ወደ ነጥቧ ገፋሁት። ቀዩን መስታወት አነሣሁ።

እልል ብዬ ጮህኩ! ፍም! ድቅድቅ ያለ ጨለማ መሐል አንዲት የምትነድ ፍም! ጨርቁ የለም፣ ወርቁ የለም፣ ጣቴ የለም፤ ድንጋዩ ብቻ ከራሱ ሆድ በወጣ ቀይ ብርሃን ይነዳል። ያ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ነገር፣ እንቅልፍ ያጣሁለት ነገር፣ ዓይኔ ሥር ሆነ! «ጠጣው! ጠጥቶ ተፋው! እትዬ፣ ይዩት፣ ይዩት!»

መስታወቱን ከእጄ ነጠቁኝ። አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ በሹክሹክታ። አንጥረኛው ተቀበላቸው፤ ከኪሱ የቀይ ብርጭቆ ፈርጥ አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠ። ፈርጡ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ያቁቱ ይነዳል። ሁለት ጊዜ ቦታቸውን አቀያየረ። ከዚያ ማጉያውን ኪሱ ከትቶ «ብርጭቆ አይደለም። አጥፍቻለሁ» አለ። ለሙያው ታማኝ ሰው ነበር።

ዞር ስንል ጋሼ ሰይድ በሩ ላይ ቆመዋል። አልመጣም ብለው መጥተዋል። እጃቸውን ታጥበዋል፤ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ለመልእክት ተዘጋጅቼ ወደ እትዬ ዘይነብ አየሁ። እሳቸው ግን በእኔ በኩል አለፉና ባላቸው ፊት ቆሙ።

«ሰይድ» አሉ፤ «ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ና እንሂድ። ዓሣው ሳይቀዘቅዝ።»

ይኸው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልእክተኛ ሆኜ፣ በሁለት ቃል ከሥራዬ ተባረርኩ። በተቆረጠው ቀን ጋሼ ሰይድ አዲስ ሽርጥ አሸርጠው የልጃቸውን ኒካህ አሰሩ። ድምፃቸውን እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ብጨርስ እንዴት ባማረብኝ! ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ስለ ያቁት ማንበቤን ቀጠልኩ። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአንድ መጽሐፍ ገጽ አስቆመኝ። ያቁት በሰው እጅም ይሠራል ይላል መጽሐፉ፤ ዱቄቱ በነበልባል ቀልጦ፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ። ሰው የሠራው አንዳንድ ጊዜ ውስጡ ጥቃቅን አረፋ ይቀርበታል። ከመሬት የወጣው ብዙውን ጊዜ ብረት ስላለበት ብርሃኑ ይደክማል፤ ሰው የሠራው ግን ፍም ሆኖ ይበራል። አረፋ። ፍም። የእትዬ ዘይነብ ድንጋይ የፋብሪካ ልጅ ነበር። አንጥረኛው አረፋውን በትክክል አይቷል፤ እኔም ብርሃኑን በትክክል አይቻለሁ፤ ሁለታችንም የቀረውን አላወቅንም።

ምሥጢሩ ከዓመት በላይ አንገበገበኝ። ተመርቄ ደሴ ማስተማር እንደጀመርኩ ለገና ዕረፍት መኪና ለምኜ አሰብ ወረድኩ። ከድጃ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው። እትዬ ዘይነብ ሻሂ ሲቀዱልኝ አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። እጃቸው ማንቆርቆሪያው ላይ ቆመ።

«ብርጭቆ ነው?»

«አይደለም እትዬ። ያቁት ነው፤ ሰው የሠራው ያቁት። ለዚያ ለነገርኩዎት ሌዘር የሚሆነው እንዲያውም እንደሱ ያለው ነው።»

«ሰይድ ሲገዛው ያውቅ ነበር?»

«ኤደን የሸጠላቸው ሰውም አያውቅ ይሆናል። ያቁት ነው አሏቸው።»

«ያቁት ነው አሉት፣ ያቁት ነው አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። ሻሂውን ሞልተው ቀዱ። ከውጭ የጋሼ ሰይድ ሳል ተሰማ፤ ከወደብ መመለሳቸው ነው። እትዬ ዘይነብ ጎንበስ ብለው ክንዴን ያዙኝ።

«ለዚያ ሰውዬ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ያዝናል።»

ከዚያ በኋላ አሰብን አላየኋትም። አገሩም ዘመኑም ተለዋወጠ፤ እነሱም በሕይወት አይኖሩም። ግን ይኸው አረንጓዴው ብልጭታ ዓይኔ ውስጥ ሲፈነዳ፣ ደሜ ሲጠጣው፣ ያቺን ክፍል ከነቀዳዳዋ አየኋት።

ሐኪሟ ስትጨርስ «ለጥቂት ደቂቃ ሁሉ ነገር ቀይ ሊመስልዎት ይችላል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ክፍሉ፣ ጋዋኗ፣ ኮሪደሩ፣ ሁሉም በቀይ ተነክሯል። ባሌ ወንበሩ ላይ የእኔን ቦርሳ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ሽበቱ ቀልቷል። ነርሷ «አባባን ልጥራልዎት?» አለችኝ። ለመልእክት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እኔው ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ማክሰኞ ነው ያሉህ?»

ደንግጦ ቀና አለ። «ማክሰኞ ነው ያሉኝ።»

«ምሳ በልተሃል?» አልኩት።